የርግበኛው ዴሪክ ሦስት ቬፖች

ዴሪክ ሃውደን ከሳንባ ክሊኒኩ ወጥቶ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ትምባሆ መጠቅለል ነበር። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ትምባሆውን በተነበት፣ ዳርቻውን በምላሱ አርሶ ጠቀለለው። አፉ ውስጥ ካስገባው በኋላ ነው ነርሷ ያለችው ትዝ ያለው። አውጥቶ አየው። መልሶ አስገባው። እንደገና አወጣው። አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ሲያዩት ቆይተው፣ "ልትለኩሰው ነው ወይስ ልታገባው?" አሉት። ዴሪክ ብድግ አለ። ጆሮው ላይ ሰካውና እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ረግቶ መቀመጥ አይችልም ነበር።

ነርሷ ያለችው ግልጽ ነው። ሳንባውን ሁለት ጠላት ይዞታል። አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያጨሰው ትምባሆ ነው፤ ሌላው የርግቦቹ ላባና ኩስ አቧራ። የትኛው የበለጠ እንደጎዳው ለማወቅ አንዱ መውጣት አለበት። "መጀመሪያ ትምባሆውን ይተዉ፣ ርግብ ቤት ሲገቡም ጭንብል ያድርጉ" አለችው። "ሐምሌ ላይ የትንፋሽ መለኪያው ቱቦ ውስጥ ሲነፉ በቂ ትንፋሽ ካላገኘን ግን፣ ሚስተር ሃውደን፣ ርግቦቹን መሰናበትዎ ነው።" እጁ ባዶ እንዳይሆንም ቬፕ፣ ማለትም ፈሳሽ የሚያተን የባትሪ ሲጋራ፣ እንዲገዛ መከረችው። የትኛውን ብሎ ሲጠይቃት፣ ደህና ሱቅ ገብተው ለእርስዎ የሚስማማውን ይጠይቁ አለችው። ዴሪክ ከምክሮቹ ሁሉ ይቺን የመጨረሻዋን ነው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰሳት።

ሰውዬው ለርግብ እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው የሚል አይጠፋም። የሚኖርባት ሃዝልደን የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደር ነበረች። የዴሪክ አያትም አባትም ጉድጓድ ወርደዋል። እሱም ወርዶ፣ ገና ጢሙ ሳይጠና ጉድጓዱ ተዘጋ። ከዚያ እስከ ጡረታው አውቶቡስ ነዳ። ቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ መሸጫ ሆነ፣ የማዕድን ሠራተኞቹ አዳራሽ ፈረሰ፣ ወጣቱም ወደ ትልልቅ ከተማ ሄደ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለጎመንና ለድንች ብሎ በሚያከራየው መሬት ላይ፣ አባቱ ከአሮጌ በርና ከጉድጓድ ሳንቃ የሠራው የርግብ ቤት ግን አለ። ዴሪክ ጎመን ሲተክል ያየው ሰው የለም። አርብ አርብ ርግቦቹ በካሚዮን ተጭነው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ባሕር ተሻግረው እስከ ፈረንሳይ። ቅዳሜ ጠዋት ይለቀቁና ማን ቀድሞ ቤቱ እንደሚገባ ይወዳደራሉ። ያን ቀን ዴሪክ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይውላል። ከመንደሩ የወጣው ሁሉ ሳይመለስ ሲቀር እሱ ዘንድ የሚመለሱ ነበሩት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሚስቱ ሞሪን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ የኖረች፣ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ያላት ሴት ናት። የርግብ ቤቱን ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ሽታው ያስነጥሳታል። የነርሷን ቃል ሲነግራት ግን ከማንም በፊት ለርግቦቹ የተሟገተችው እሷ ነበረች።

"ትምባሆው ይውጣ" አለችው። "ርግቦቹ ከሄዱማ ቀኑን ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ልትንጎራደድብኝ ነው። ለርግቦቹ አዝኜ እንዳይመስልህ፣ ለምንጣፌ ነው።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዴሪክ የመጀመሪያውን ቬፕ የገዛው በዚያው ሳምንት ነው፣ ያውም ከሱቅ ሳይሆን በርግበኞች ክበብ ደጅ መኪናውን አቁሞ ከኋላው ልዩ ልዩ ነገር ከሚሸጥ ሰው። ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ነበር፣ መንግሥት ከከለከለው ወዲህ በመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ተደብቆ የሚሸጠው። ቀለሙ ሮዝ፣ ጣዕሙ ሐብሐብ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሐብሐብ ሐብሐብ እየሸተተ ሲመጣ ሞሪን አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ አላት።

ቅዳሜ ደረሰ። መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ርግበኛ ብቻ ነው። ወንዱን ሳምንቱን ሙሉ ከሴቷ ለይተው ያኖሩታል። አርብ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያሳዩትና ሳይጠግባት ወደ ካሚዮኑ ይጭኑታል። ሲለቀቅ ታዲያ ክንፉን ሳይቆጥብ ወደ ቤቱ ይበራል። ዴሪክ ይህን ሲያደርግ ዕድሜውን ፈጅቷል። የወንዱ ርግብ ጭንቀት ምን እንደሚመስል የገባው ግን ያን ቀን ነው። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ የውሃውን ገንዳ አጠበ፣ ያጠበውን መልሶ አጠበ። ሮዙን ነገር እየማገ ሰማዩን ሲያይ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። ሳበ፤ የተቃጠለ ጨርቅ ቀመሰ። ባትሪው ሞተ። የሚሞላበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ርግቦቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። በአጥሩ ወዲያ ማዶ የእሱው ጓደኛና የእሱው ባላንጣ ቢሊ ስቶከር፣ የራሱን ርግቦች እየጠበቀ በሰፊው ያጨሳል።

"ቢሊ፣ አንዲት ብቻ" አለው።

"እኔ በሞሪን እጅ መሞት አልፈልግም" አለ ቢሊ፣ እያቀበለው።

ማታ ሲገባ ከረሜላ አፉ ውስጥ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሞሪን አሽትታ ሳትናገር እራቱን አቀረበችለት። ዝምታዋ ከስድቧ ባሰበት። ምግቡን አንድ ሁለቴ ቀምሶ ተነሳና ግቢው ውስጥ ሲመላለስ አመሸ።

ሁለተኛው ቬፕ የልጁ ባል የጋቪን ምክር ነው። ጋቪን መኪናውም ስልኩም ቬፑም ትልቅ የሆነ ልጅ ነው። ርካሹ አላዋጣኝም ሲለው፣ "እንግዲያው ኃይለኛውን ግዛ" አለውና የራሱን ዓይነት አስገዛው። ጡብ የሚያህል፣ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚበራበት፣ ከላይ ጠርሙስ የተገጠመለት ነገር ነው። ዴሪክ ለክረምት ማሞቂያ ያስቀመጠውን ከፈለበት። ውድ ከሆነ ያስተማምናል ብሎ ነው፤ ስንቱ ሰው እንዲህ ብሎ ተላላ ሆኗል። እውነትም ኃይለኛ ነበር። አንዴ ሲስበው እስከ ሆዱ ድረስ ሞቀው፣ ሲያስወጣው ደግሞ ግቢው ጠፋ። ሞሪን መስኮቱን ከፍታ ልብሷን ከገመድ ላይ ሰበሰበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ አየሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዴሪክ ርግብ ቤቱ ፊት ቁጭ ብድግ እያለ ያንን ጡብ ይምገዋል። ከሁሉ የሚመካበት አንድ ሰማያዊ ወንድ ርግብ ነበረው፣ ሲመጣ ሳይዞር ሳያመነታ እንደ ድንጋይ ወርዶ የሚገባ። ያን ቀን ከማንም ቀድሞ መጣ። ዴሪክ አየውና ልቡ ዘለለ። ልቡ ሲዘል ደግሞ እጁ ያንን ነገር ወደ አፉ ወሰደ። ደመናው ተነስቶ በርግብ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተኛ። ወንዱ ርግብ ወረደ፣ የሚያውቀው መግቢያ የለም፤ ወጣ፣ ዞረ፣ አሁንም የለም። ሄዶ የቢሊ ዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። ውድድሩ ደግሞ የሚመዘገበው እግሩ ላይ ያለው ቀለበት የመግቢያውን ሰሌዳ ሲነካ ነው። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ርግብ ገና ፈረንሳይ እንዳለ ይቆጠራል። ዴሪክ በቆብ እያራገበ ጭሱን ሲበትን፣ የበቆሎውን ጣሳ ሲያንኳኳ፣ ሲለምን፣ የቢሊ ርግብ ገባች።

"ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" አለ ቢሊ በአጥሩ ላይ ተደግፎ።

እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች። ምሽቱን ክበቡ ውስጥ የነበረው ሁሉ በባቡር ፉጨት ተቀበለው። ዴሪክ ቢራውን ጥሎ ወጣ። ያናደደው ፉጨቱ አልነበረም። በዚህ አያያዙ ሐምሌ ሳይደርስ ወደ ትምባሆው እንደሚመለስ፣ ከተመለሰም ርግብ ቤቱ ባዶ እንደሚሆን ታየው። ፈራ። ፍርሃቱን የሚያበርደው ደግሞ የለመደው ነገር ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ገበያው ጎዳና ላይ ትምባሆ ሊገዛ ተሰለፈ። ከፊቱ ያለችው ሴት የሎተሪ ቁጥር እየመረጠች ስትዘገይ ዴሪክ ክብደቱን ካንዱ እግሩ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሱቁን ለቆ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። በሦስተኛው ሲወጣ እግሩ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ያለው ቬፕ ሱቅ በር ላይ ራሱን አገኘው።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሼረል ትባላለች፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሰማያዊ ፀጉር። በዚህ አገር የማያውቁትን ሰው ሁሉ ሆዴ ነው የሚሉት።

"ምን ልስጥህ፣ ሆዴ?"

"የማያዋርደኝን" አለና ጡቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ሼረል አገላብጣ አየችው። "ዕቃውስ ደህና ነው፤ ላንተ አይደለም እንጂ። ይሄ ጭስ ማሳየት ለሚወድ ጎረምሳ ነው። ይልቅ ስለ ሲጋራህ ንገረኝ።"

ዴሪክ ስለ ሲጋራው የጠየቀው ሰው አያውቅም፤ ሁሉም የሚነግሩት ተው ብለው ነው። ሼረል ጠዋት ከነቃ በኋላ ምን ያህል እንደሚታገሥ፣ ቀጭን ይጠቀልል እንደሆን ወፍራም፣ ጭሱን ወዲያው ወደ ሳንባው ይስበው እንደሆን መጀመሪያ አፉ ውስጥ ያቆየው እንደሆን፣ ከሁሉ ይልቅ መቼ እንደሚጠማው ጠየቀችው። እሱም አንድ በአንድ መለሰ። መጨረሻ ላይ "ስጠብቅ ነው" አለ። ምን ስትጠብቅ ብትለው ስለ ሰማያዊው ወንድና ሮዙ ቬፕ ስለሞተበት ቅዳሜ ነገራት። አልሳቀችበትም።

ጎንበስ ብላ ከመስታወቱ ሥር አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አወጣች። አሳሳቡ ጠባብ ነው አለችው፣ እንደጠቀለልከው ትምባሆ መጀመሪያ አፍህ ውስጥ ይገባል። ተኑ ጥቂት ነው፣ ርግብ አይሰውርም። ተኑ ስላነሰ ግን የፈሳሹ ኒኮቲን ጠንከር ማለት አለበት፤ ደካማውን ከወሰድክ በሁለተኛው ቀን ትምባሆ ሱቅ ትቆማለህ። ፈሳሹን ራስህ ትሞላለህ፣ በስልክ ሽቦ ቻርጅ ታደርጋለህ። ውስጡ የምትግለዋ ሽቦ ጣዕሟ ሲቃጠል በሌላ ትለወጣለች፤ ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛትህ በፊት መለወጫው በየሱቁ የሚገኝ መሆኑን ጠይቅ፣ መለወጫ የሌለው ርካሽ ዕቃ ከሁሉ ውድ ነው።

"አንድ ውድ ከምትገዛ ሁለት ርካሽ ግዛ" አለችው። "አንዱ ኪስህ ውስጥ፣ አንዱ ቻርጅ ላይ። አንተን ወደ ትምባሆ የመለሰህ ጣዕሙ አይደለም፣ የሞተው ባትሪ ነው።"

ሁለቱ ተደምረው የጡቡን ግማሽ አይሆኑም ነበር። የትምባሆ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ስጪኝ ሲላት፣ ያ የትምባሆ ጣዕም ትምባሆውን እያስታወሰህ ያናድድሃል፣ ሌላ ምረጥ አለችው። ዴሪክ ከጠርሙሶቹ መሐል እንስላል የሚል አየና ሳያመነታ አነሳው። ርግብ እንስላል ትወዳለች። ድሮ ድሮ ርግበኞች እህሉን በእንስላል ዘይት እያሹ የሰው ርግብ ያማልሉ ነበር። ቢሊ ቅዳሜ ሲሸተው ፊቱ ተለወጠ።

"ርግቦቼን ልትሰርቀኝ ነው አይደል?"

"ከመጡማ ርቧቸው እንጂ ሽታዬ ጠርቷቸው አይደለም፤ የምታበላቸውን አውቀዋለሁ" አለው ዴሪክ። ካንድ ወር ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዱ ነበር።

ነገሩ እንደ ጸሎት ወዲያው ተሰማ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ከልክ በላይ ሞልቶት ኪሱ ውስጥ ፈሰሰ። አዲሷን ሽቦ ፈሳሹ እስኪያርሳት ሳይጠብቅ ስቦ አቃጠላት። ጣቶቹ ወረቀት ይፈልጋሉ፤ ጆሮው ላይ እጁን ሰድዶ ምንም ሲያጣ ይቆጣል። ሌሊት እየተነሳ ኩሽናው ውስጥ የሻይ ማንኪያዎቹን በመጠን ይደረድራል። ሞሪን አንድ ቀን ማንኪያዎቹን አይታ ከት ብላ ሳቀች። ትምባሆ ግን አልነካም። ሰማያዊው ወንድ በሰኔ ሁለት ጊዜ ቀድሞ ገባ፣ ዴሪክም ጭንብሉን አድርጎ በእጁ ይዞ ሳመው። ዳገቱን ሲወጣ እንደ ድሮው መሐል ላይ አይቆምም ነበር። አሸነፍኩ ብሎ አሰበ። ማን ይፈርድበታል?

ሐምሌ ላይ ሞሪንም አብራው ሄደች። ቱቦው ውስጥ ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ፊቱ ቀልቶ ዓይኑ እስኪፈጥ ነፋ። ነርሷ በመጋቢት የተመዘገበውን ውጤት አጠገቡ አድርጋ አየችና ፈገግ አለች። ትንፋሽዎ ጨምሯል፣ በጣም ጎበዝ ነዎት አለችው። ዴሪክ የሞሪንን ጉልበት ያዘ። ነርሷ ግን ቀጠለች። ከደሙ የተወሰደው ምርመራ መጥቷል። ትምባሆ ያበላሸው በከፊል ተመልሷል፤ የቀረው ጠባሳ የአቧራው ነው፣ ጭንብሉም አላዳነው። ርግብ ቤት መግባቱን ከቀጠለ እየባሰበት ይሄዳል።

"እኔ እኮ የተውኩት ለእነሱ ብዬ ነው" አላት ዴሪክ።

ነርሷ ወረቀቱን አጠፈች። ሰውዬው ትምባሆውን ባይተው ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተለይቶ አይታወቅም ነበር፤ በገዛ እጁ ርግቦቹ ላይ መሰከረባቸው ማለት ነው። ይህን ሳይነግሩት ገብቶታል።

ቢሊ ወሬውን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ መጣ። ልውሰድልህ አለ። ሁለቱም ግን ነገሩን ያውቁታል። ርግብ የገዛ ቤቷን ካወቀች ወዲያ ለሌላ ብትሰጥ አትለምድም፤ በለቀቋት ቀን ተመልሳ አሮጌው ጣሪያ ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ ቢሊ ጋ የሚሄዱት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽቦ ውስጥ ሊዘጉ ነው። ዴሪክ በቢሊ ፊት አለቀሰ። ጉድጓዱ የተዘጋ ዕለት እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ቢሊ ዞር ብሎ የግቢውን አጥር ሲያስተካክል ቆየ። ሞሪን ከኩሽናው መስኮት ሆና አየቻቸው፤ በማግስቱ ቢሊ ቅርጫት ይዞ እንዲመጣ ሁለቱ ተስማሙ።

ጠዋት ዴሪክ ሲነቃ አልጋው ግማሽ ባዶ ነው። ሞሪን ቤት ውስጥ የለችም፣ ጎረቤትም የለችም። ርግቦቹን ለመጨረሻ ጊዜ ከሩቅ ላያቸው ብሎ ሐዲዱን ተሻገረ። የርግብ ቤቱ በር ክፍት ነው። ውስጥ አንድ ሰው የእሱን ቡናማ ካፖርት ለብሶ፣ ጭንብል አጥልቆ፣ ፀጉሩን በፎጣ ጠምጥሞ ወለሉን ይፍቃል። ርግቦቹ ካፖርቱን ስለሚያውቁት ንቅንቅ አላሉም።

"አትግባ!" አለች ሞሪን። "እዚያው ቁም። ኩሱ የት ነው የሚደፋው?"

"ሞሪን፣ አንቺ እኮ ሽታው..."

"ስለ ሽታው አልጠየቅኩህም።"

ቢሊ ቅርጫቱን እንደያዘ ደርሶ አያቸውና እንደያዘ ተመለሰ። ነርሷ በስልክ ተጠየቀች፤ ካፖርቱና ጫማው ቤት እንዳይገቡ፣ እሷም ጭንብሉን እንዳትረሳ፣ እሱም ነፋሱ አቧራውን ወደሱ በማያመጣበት በኩል፣ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አለች። ከዚያ ወዲያ የዴሪክ ቦታ ከመንገዱ ማዶ ያለች ወንበር ሆነች። እየጮኸ ያስተምራታል፣ እሷም እየጮኸች ትሰድበዋለች። የዘንድሮ ጫጩቶች የእሷን እጅ እያዩ አደጉ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጣቶቹ ርግቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደሩ። ዴሪክ ወንበሩን ሦስት ቦታ ቀያየረ፣ አንዱን ቬፕ ኪሱ ከትቶ ሌላውን አወጣ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ። ጥቁር ነጥቧን ከሁሉ በፊት ያያት እሱ ነው። "መጣች" ብሎ ጮኸ። ሞሪን የበቆሎውን ጣሳ አንኳኳች። ትንሿ ግራጫ ርግብ ሐዲዱን ተሻግራ ዝቅ አለች፤ ዴሪክ ሳያውቀው እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን አናቱ ላይ አልፋ፣ ዞር ብላም ሳታየው፣ ወደ ሞሪን ድምፅ ወርዳ ገባች። ደስ አለው። ቀናም። ሁለቱም ባንድ ላይ ደረቱ ውስጥ ገብተው የት እንደሚቀመጥ ጠፋው።

ሞሪን በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። "ገባች። አሁን ምን ላድርጋት?"

"ውሃ ስጫት" አላት። ቆቡን አወለቀና፣ "ከዚያ በእጅሽ ያዢያትና አመስግኛት። ቀስ ብለሽ ነው፣ ጆሮዋ አጠገብ።"

በኖሩበት ዘመን ሁሉ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚላቸው ነግሯት አያውቅም ነበር። ሞሪን ጥቂት አየችውና ተመልሳ ገባች። ዴሪክም ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ የምትላትን ለመስማት ትንፋሹን ያዘ።